የወተት ታሪክና የሰው አንጀት

በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬና በገበዝ ማርያም ገጠር ጥሬ ወተት ጠጥቶ ሆዱ የሚነፋ ጐልማሳ ሲሣቅበት እናያለን። እንዲህ ያለው ሰው በሽተኛ አለመሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንወዳለን። (ዘመኑን የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

በወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ይህን ስኳር በትንሹ አንጀት ለሁለት የሚከፍለው ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም ነው። ሕፃን ላክቴዝ ይዞ ይወለዳል፤ ጡት ከተወ በኋላ ግን በብዙው ሰው ዘንድ፥ እንደ ጥጃውና እንደ ግልገሉ፥ እየቀነሰ ይሄዳል። ያልተከፈለውም ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ሆድ ይነፋል።

በ1966 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ሐኪሞች ባደረጉት ምርመራ፥ ጤነኞች ከሆኑት ጥቁር አሜሪካውያን የሚበዙት ላክቴዝ እንደሚያንሳቸው ታወቀ። ይህም «ጉድለት» ተባለ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነበር፤ የጥንቱ የሰው ጠባይ ይህ ሲሆን፥ አድጎ ወተት መቻል ከብት ማርባት ከተጀመረ ወዲህ የተስፋፋ አዲስ ነገር ነው።

አዲስነቱስ በምን ላይ ነው? ላክቴዝን የሚያሠራው ጂን በሁለቱም ወገን አንድ ነው። የውሃ ወፍጮን እናስብ፤ ድንጋዩ ሳይለወጥ፥ ከላይ ርቆ ያለው የቦዩ መክፈቻ ከተዘጋ ወፍጮው ይቆማል። የጂኑም መክፈቻ እንደዚሁ ርቆ በጎረቤቱ ጂን ውስጥ ይገኛል። በ2002 የፊንላንድ ሊቃውንት ከጂኑ መነሻ 13,910 ፊደል ወደ ኋላ ቈጥረው አንዲት የተለወጠች ፊደል አገኙ። ይህች ፊደል ያለችው ሰው መክፈቻው ካደገም በኋላ አይዘጋበትም። በ2007 ደግሞ በኬንያ፥ በታንዛኒያና በሱዳን ሌሎች ፊደሎች ተገኙ።

የአገራችን ታሪክ ከሁሉም የበለጠ ያስደንቃል። በ2013 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር እንዳሻው በቀለ ከለንደንና ከሌሎች አገሮች ሊቃውንት ጋር ባወጡት ጥናት፥ ከ350 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመርምረው በ14,009ኛው ስፍራ ያለች ፊደል አድጎ ወተት ከመቻል ጋር እንደምትያያዝ ታወቀ። አውሮፓ በአንዲት ፊደል ወተት ሲጠጣ፥ በኢትዮጵያ ብዙዎች ፊደሎች በልዩ ልዩ ነገዶች መካከል ጎን ለጎን ይገኛሉ። አንድ ሥራ በየበኩሉ ብዙ ጊዜ ተሠርቷል ማለት ነው።

መክፈቻው የተዘጋበትስ ሰው ምን ያድርግ? እናቶቻችን ጂን ሳይታወቅ መላ አግኝተዋል። በወይራ ጢስ በታጠነው ቅል ወተቱ ሲረጋ፥ ባክቴሪያዎች ከስኳሩ ከፊሉን አስቀድመው ይበሉታል። ስለዚህ ወተት የማይስማማው ሰው እርጎ ሊስማማው ይችላል። አይብ ሲወጣም የቀረው ስኳር የሚበዛው ከአጓቱ ጋር ይወርዳል፤ በቅቤማ ውስጥ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው።