የመምህር ጆሮ፦ ከቅኔ ጉባኤ እስከ ሰው ሠራሽ አስተውሎት

ባለፈው የገና ሰሞን አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ወደ ማክሰኝት መጥቶ ነበር። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ የሚያስተምርበትን ዩኒቨርሲቲ ስም ግን ልተወው። በእነዚህ ዓመታት መንገዱ ሰላም የሚሆንበትን ቀን ጠብቆ መምጣት ግድ ስለሆነ ከተያየን ሰንብተን ነበር። እናቱ ቡና ሲያፈሉ እርሱ ከቦርሳው የተማሪዎቹን ወረቀት አውጥቶ ያርም ጀመር። ጥቂት ቆይቶም ሦስቱን ለይቶ ሰጠኝና «እስኪ አንብባቸው» አለኝ።

ጽሑፎቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሲሆኑ ርእሳቸው በጎንደር ዘመን ስለነበሩ ገበያዎች፣ በተለይም ስለ ይፋግ ገበያ ነው። ሦስቱም ያምራሉ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ትንፋሽ አላቸው፤ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ልብስ ለውጦ የመጣ ይመስላል። በአንደኛው ግርጌ የተጠቀሰውን መጽሐፍ ጓደኛዬ ሁለት ቀን ሲፈልገው ሰንብቶ ኋላ እንዲህ ያለ መጽሐፍ በዓለም ላይ አለመኖሩን አረጋገጠ። ደራሲ አለው፣ ዓመተ ምሕረት አለው፣ የገጽ ቁጥር አለው፤ መጽሐፉ ብቻ የለም።

«እኔ አሁን የማርመው ማንን ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። በእኛ ሥራ አንድ ሰው ሒሳብ ሲከፍት የፊርማ ናሙና ይሰጣል። ገንዘብ ሊያወጣ በመጣ ጊዜ የፈረመው ከናሙናው ጋር ይተያያል፤ የሚያጠራጥር ከሆነም ባለቤቱን ወደ መስኮቱ ጠርተን እንጠይቀዋለን። ጓደኛዬን ስሰማው መምህርም እንደኛው ናሙና ሲጠብቅ የኖረ መሆኑ ተገለጸልኝ። የመምህር ናሙና የተማሪው ድምፅ ነው። የጠፋበትም እርሱ ነው።

ነገሩ አዲስ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለውን ጥያቄ የእኛ አገር መምህራን ከጥንት ጀምሮ ሲጠይቁት ኖረዋል። ጎንደር ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆሯት ወዲህ የነገሥታት ከተማ ብቻ ሳትሆን የጉባኤ ከተማም ነበረች። የመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ የተለየው በዚችው ከተማ ነው፤ የታች ቤቱን ትርጓሜ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መምህር ኤስድሮስ እንዳቀኑት ይነገራል። የቅኔው ስም በይበልጥ የዋሸራ፣ የጎንጅና የዋድላ ቢሆንም ቅኔ ሳይቆጥር ትርጓሜ ቤት የገባ ሰው ግማሽ መንገድ እንደ ዘለለ ይቆጠር ነበር።

እስኪ የቅኔ ቤቱን ውሎ እናስታውሰው። ተማሪው ቀን በቀን ከጓደኞቹ ተነጥሎ ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት ጥግ ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። ጀማሪ ከሆነ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይዞ ይታገላል፤ ከበረታ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ወደ ማታ ከመምህሩ ፊት ቆሞ የቆጠረውን ይነግራል። መምህሩ ይሰማሉ። ቤቱ ከጎደለ፣ ሰሙና ወርቁ ካልተዋሐደ፣ ግሱ ከተሳሳተ እዚያው ያቀኑለታል። ቀጥሎ እርሳቸው በተራቸው ይዘርፋሉ፤ ተማሪውም እየሰማ በቃሉ ይይዛል። በማግስቱ ያው ነው፤ ግን ቅኔው ሌላ ነው። አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ ዳግም አይባልምና።

የሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። ነውር ብቻ ሳይሆን አስቸጋሪም ነው፤ ምክንያቱም የኔታ ትናንት ያቀኑለትን ልጅ ድምፅ ያውቁታል። ከየት ላይ እንደሚሰናከል፣ የትኛውን ግስ እንደሚወድ፣ ምን ያህል ርቆ ማሰብ እንደሚችል ልባቸው መዝግቦታል። ትናንት በጉባኤ ቃና የተንገዳገደ ልጅ ዛሬ የሊቅ መወድስ ይዞ ቢመጣ «ይህቺ ያንተ አይደለችም» ለማለት ምንም መሣሪያ አያሻቸውም። በጎጃም የታወቁት የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይናቸው አያይም ነበር፤ ይህ ግን ስንቱን የቅኔ ተማሪ ከማፍራት አላገዳቸውም። ሥራው የጆሮ ሥራ ነበርና።

ይህ ሁሉ የሆነው ጽሑፍ ጠፍቶ አይደለም። ጎንደር ብራና ፋቂውም ጸሐፊውም የሞላበት አገር ነበረ። መጽሐፍ ይጻፋል፣ ይደጎሳል፣ ይነበባል፤ ተማሪ ግን የሚመሰከርለት በቃሉ ነው።

ስለ ይፋግ ካነሣን ዘንድ ከዚያ የወጡትን አንድ ሰው ሳልጠቅስ ማለፍ አይሆንልኝም። አለቃ ታየ ገብረ ማርያም የይፋግ ሰው ናቸው፤ ከእኛው መንገድ ዳር ማለት ነው። እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በርሊን በሚገኘው የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አማርኛና ግእዝ አስተምረዋል። በዛሬ ቋንቋ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ ብንል ማጋነን አይሆንም። የበርሊን ሰዎች መጽሐፍ አልጠፋቸውም፤ የሉዶልፍ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ የእነርሱው ሊቃውንት የጻፏቸው ሌሎችም ነበሩ። ሆኖም ቋንቋውን ከባለቤቱ አፍ ለመስማትና ተማሪው የሚለውን ሰምቶ የሚያቀና ጆሮ ለማግኘት ሰው ማስመጣት ነበረባቸው። ሉዶልፍም ራሱ ቢሆን በ1600ዎቹ አጋማሽ ያን ሁሉ ዕውቀት ያዳበረው ከአባ ጎርጎርዮስ ፊት ተቀምጦ በመጠየቅ ነው።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ወደ አገራችን ሲገባም መጀመሪያ ላይ ከዚህ ብዙ አልራቀም። በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ተማሪዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ መምህሩ ሁሉንም በስም ያውቃል። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተቋቋመው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ደግሞ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ሲያሠለጥን ተማሪዎቹን በቡድን አድርጎ እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። ተማሪው ማወቁ የሚታየው ከበሽተኛው ፊት ነው፤ የኔታም ባይኖሩ የኔታን የሚተካ ዓይን አለ።

(በመካከል አንድ ነገር ልጨምር። መሣሪያ ሁሉ የጆሮ ጠላት አይደለም። ባለቅኔውና የቴአትር ጥበባት መምህሩ መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በቴፕ ቀድተው በ1959 ዓ.ም. መጽሐፍ አድርገው ባያወጡት ኖሮ የዚያን ዘመን የጉባኤ ሕይወት ምን ያህሉን እናጣው ነበር? ያ ቴፕ ግን ይሰማ ነበር እንጂ በአለቃ ለማ ፈንታ አልተናገረም።)

ጆሮው መድከም የጀመረው ቁጥሩ ሲበዛ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የመንግሥቶቹ ብቻ ከአርባ በላይ ሆነዋል። ይህን የምጽፈው ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም በዚያ መስፋፋት ከገቡት አንዱ ነኝና ባይሰፋ ኖሮ ዲግሪው ቀርቶ የግቢውንም በር ባላየሁት ነበር። ነገር ግን ሰማንያ ተማሪ ከአንድ ክፍል ያለበት መምህር ሰማንያ ድምፅ ሊለይ አይችልም። ስለዚህ «ጽፋችሁ አምጡ» አለ። አሳይመንት የሚባለው ነገር ነገሠ። ወረቀቱ የድምፁ ወኪል ሆነ፤ በእኛ ቋንቋ፣ ባለቤቱ ሳይመጣ በውክልና ብር ማውጣት ተጀመረ። ተማሪውም ለመላው አላነሰም፤ በእኛ ጊዜ ከበላይ ክፍል ተማሪ የተወረሰ አሳይመንት ሽፋኑ ብቻ ተቀይሮ ሲገባ አውቃለሁ። ከግቢ ውጭ ያሉት የጽሕፈት ቤቶችም የመመረቂያ ጽሑፍ ሲያዘጋጁ መኖራቸውን ያልሰማ የለም። ማሽኑ የመጣው እንግዲህ ባዶ ቤት ላይ አይደለም።

2015 ዓ.ም.ን የታሪክ ጸሐፊዎች ወደፊት ለይተው የሚያዩት ይመስለኛል። በዓመቱ መግቢያ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱ ጥር ላይ ሲገለጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ኅዳር 21 ቀን ቻትጂፒቲ የሚባለው ፕሮግራም በአሜሪካ ለሕዝብ ተለቀቀ። በዚያው በኅዳር ማብቂያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን በደመወዝ ጥያቄ ሥራ ማቆም ጀመሩ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ተመራቂ ተማሪዎች ሁሉ የሚወስዱት የመውጫ ፈተና በኮምፒዩተር መሰጠት ተጀመረ። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ተማሪውን አናምነውም ተባለ፤ መምህሩ ኑሮ ከበደኝ አለ፤ የማንንም ጽሑፍ በደቂቃ የሚጽፍ መሣሪያም ከኪስ ስልክ ገባ።

የማሽኑን ጽሑፍ ለይተው የሚያወጡ ሌሎች ማሽኖች አሉ ይባላል። ጓደኛዬም መጀመሪያ ተስፋ ያደረገው በእነርሱ ነበር። ይሁን እንጂ የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣውን መለያ በስድስት ወሩ ገደማ ትክክለኛነቱ አነስተኛ ነው ብሎ አንሥቶታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መለያዎችን ፈትነው ነበር። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና በእጃቸው የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች ቢሰጧቸው መለያዎቹ በአማካይ ከመቶ ስድሳ አንዱን ያህል «ማሽን የጻፈው ነው» አሉ። ምክንያቱ ልብ ይነካል፤ በሰው ቋንቋ የሚጽፍ ሰው የሚያውቃቸው ቃላት ጥቂት ስለሆኑ አረፍተ ነገሩ የተለመደ፣ የሚገመት ይሆናል፤ ለመለያውም የሚገመት ነገር ሁሉ ማሽን ነው። የእኛ አገር ተማሪ ሁሉ የሚጽፈው በሰው ቋንቋ አይደለምን?

ጓደኛዬ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ከገጠር የመጣች አንዲት ዝምተኛ ተማሪ አለችው። ወረቀቷን መለያው ውስጥ ቢያስገባው ከመቶ ዘጠና ማሽን ነው አለው፤ እርሱም ዜሮ ሰጣት። ልጅቱ ቢሮው ድረስ መጥታ ከበሩ ላይ ቆመች። «መምህር፣ እኔ ነኝ የጻፍሁት» አለችው። «እንግዲያው ንገሪኛ» አላት። ነገረችው። በአማርኛ ጀመረች፤ የአያቷ አባት የጨው ነጋዴ እንደ ነበሩ፣ አሞሌ ጨው እንዴት እንደሚጫን፣ ከገበያው በር ላይ ስለሚቀረጠው ቀረጥ ስትሰማ ያደገችውን ሁሉ አወራችው። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ አፏ ላይ አለ፤ እንዲያውም አፏ ላይ ያለው ይበልጣል። እንግሊዝኛዋ ነው እንጂ ያጠራት ነገር አልነበረም። ዜሮውን ሰረዘ። ይህን ሲነግረኝ ቡናው ቀዝቅዞበት ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ መለያውን ትቶ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ እየጠራ ስለ ጻፉት ይጠይቃል። በባንክ ቤት ልማዴ አሰላሁለት፤ ለአንድ ተማሪ ዐሥር ደቂቃ ቢሰጥ፣ ሰማንያ ተማሪ ስምንት መቶ ደቂቃ፣ ከዐሥራ ሦስት ሰዓት በላይ ነው። ይህም ለአንድ ክፍል፣ ለአንድ ወረቀት። አራት ክፍል አለው። የኔታ ይህን ያህል ሰው ከፊታቸው ቢሰለፍ ምን ይሉ ነበር? ደግሞም የቅኔ ቤቱን ገነት አድርጌ መሣል አልፈልግም። ስንቱ በደበሎና በቆሎ፣ በውሻ ንክሻና በርኃብ ከመንገድ ቀርቷል፤ እማሆይ ገላነሽ ቢኖሩም በሩ ለሴቶች ልጆች ሰፊ አልነበረም። ዛሬ ያቺ የነጋዴ ዘር ማሽኑን ብትጠይቀው ቤተ መጻሕፍቷ የሌለውን ነገር በትዕግሥት ያስረዳታል፤ ጓደኛዬም የማስተማሪያ ጥያቄዎቹን በእርሱ እንደሚያዘጋጅ አልደበቀኝም። እኔ የምለው መሣሪያው ይውጣ ሳይሆን፣ መምህሩ የሚሰማበትን ሰዓት ማን ይከፍለዋል ነው። ደመወዙ የሚከፈለው ለማስተማሩ ነው፤ ለመስማቱ አይደለም።

ስለ ራሴም ልናዘዝ። ባለፈው ክረምት ቤት አልመታ ያለኝ ግጥም ነበረኝ፤ ሁለት ሳምንት አስጨነቀኝ። አንድ ሌሊት ለማሽኑ ሰጠሁት። ጨረሰው። ቤቱ ይመታል፣ ትርጉሙም ደህና ነው፤ አንዲቱ ስንኝ እንዲያውም ከእኔ ትሻላለች። ልለጥፈው ተዘጋጀሁ። ዳሩ ግን ለጓደኛዬ በቃሌ ላነብለት ስጀምር ያቺ የተሻለችው ስንኝ ላይ ደርሼ ድምፄ ተለወጠ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ይህቺ ያንተ ናት?» አለኝ።

ግጥሙን አልለጠፍሁትም። ጓደኛዬም በማግስቱ ወረቀቶቹን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ፣ ከላይ የሰማንያውን ተማሪዎች ስም ዝርዝር አኑሮ በጧቱ መኪና ሄደ። ከስሞቹ አጠገብ በእርሳስ ሰዓት ጽፎባቸዋል፤ የመጀመሪያው ሰኞ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር።