የቤት ብድርና የየወሩ ክፍያ፤ ከትናንት እስከ ዛሬ



በእኛ አገር ቤት መሥራት ትልቅ ቁም ነገር ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ጎጆ ሲቀለስ ጉልበቱ ከደቦ ይገኝ ነበር። ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ ከዘመድ መበደር፣ ዕቁብ መጣል፣ ሲብስም አራጣ አበዳሪ ደጅ መቆም ነበር። ዕቁብ ወለድ የለውም፤ አራጣ ግን ልክ የለውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮቹ ቢስማሙም እንኳ የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ የደነገገው ለዚህ ነው።

ለመኖሪያ ቤት የሚያበድሩ ሁለት ድርጅቶች በአዲስ አበባ የተቋቋሙት በዚያው በ1950ዎቹ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በ1968 ዓ.ም. ሁለቱ ተዋህደው የቤትና ቁጠባ ባንክ ተባሉ። ይህም ባንክ ኋላ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ፣ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተቀላቀለ።

ባላገሩስ? የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን መሸጥና በዕዳ ማስያዝ ስለከለከለ፣ ለባንክ የሚያቀርበው መያዣ አልነበረውም። በ1989 ዓ.ም. ፈቃድ ያገኘው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ በቡድን ዋስትና እያበደረ ወደ ገጠሩ ዘለቀ።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አንድ ሰው 100,000 ብር በዓመት 9.5 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ተበደረ እንበል። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ከሆነ በየወሩ 932 ብር ከ13 ሳንቲም ይከፍላል። የመጀመሪያው ወር ወለድ 100,000 በ9.5 በመቶ ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል 791 ብር ከ67 ሳንቲም ነው። ስለዚህ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 140 ብር ከ46 ሳንቲም ብቻ ነው። በየወሩ ዋናው ትንሽ ትንሽ ሲቀንስ ወለዱም አብሮ ይቀንሳል። ቢሆንም አሥር ዓመት ሙሉ ከፍሎ ገና ወደ 72,000 ብር ይቀረዋል! ሲጨርስ የከፈለው በጠቅላላው ወደ 223,700 ብር ይሆናል።

ወለዱ እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው 100,000 ብር ላይ የሚታሰብ ከሆነስ? በዓመት 9,500፣ በ20 ዓመት 190,000 ብር ወለድ ይመጣል። ወርኃዊው 1,208 ብር ከ33 ሳንቲም፣ ጠቅላላው 290,000 ብር ነው። የወለዱ መጠን በሁለቱም 9.5 በመቶ ነው፤ ልዩነቱ ግን ከ66,000 ብር በላይ ነው። ስለዚህ “ወለዱ ስንት ነው?” ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ “በምን ላይ ይታሰባል?” ማለትም ያሻል።

ሌላም ነገር አለ። የእኛ ገበሬ በቆሎውንና በርበሬውን የሚሸጠው በወቅቱ ነው፤ አበዳሪው የሚጠብቀው ግን በየወሩ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት የመክፈያው ጊዜ ከገቢው ጋር እንዲገጥም መነጋገር ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንክ ዕዳው ካልተከፈለው፣ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የተያዘለትን ቤት ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ እንዲሸጥ ፈቅዷል።

ዕድርተኛ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ደግሞ ይህ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከሟች ሀብት በመጀመሪያ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነው፤ ቀጥሎ የውርስ ማጣሪያ ወጪ፣ ከዚያም የሟች ዕዳ ነው። ኑዛዜ የሚደርሰው ከእነዚህ በኋላ ነው። ዕድራችን ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛ ያስተዛዝናል፤ የባንክ ዕዳ ግን ከሟች ጋር አይቀበርም። ስለሆነም የተበደረ አባል ውሉንና የክፍያ ደረሰኙን በአንድ ቦታ ያኑር፤ ስንት እንደቀረበትም ለቤተሰቡ ይንገር። ከብድሩ ጋር የሕይወት መድን እንዳለና እንደሌለም ይጠይቅ። ያልተነገረ ዕዳ ለቤተሰብ ሁለተኛ ሐዘን ነውና።