ከገል እስከ ፌስታል፦ አሮጌ ዕቃ በደባርቅና በዳባት

በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ መንደሮች የቤት ዕቃ ስላረጀ ብቻ አይጣልም ነበር። አብዛኛው ዕቃ ከሸክላ፣ ከቆዳ፣ ከእንጨት፣ ከቅልና ከሣር የሚሠራ ስለነበር አንዱን አገልግሎት ሲጨርስ ወደ ሌላው ይሸጋገራል፤ መጨረሻውም አፈር ነው። እንስራ ሲሰበር ገሉ ከጎረቤት እሳት መጫሪያ ወይም የዶሮ ውሃ ማጠጫ ይሆናል። ያረጀ ጋቢ ተቀዶ ሕፃን ይታቀፍበታል፤ ሲያልቅ ደግሞ የምጣድ ማሰሻ ይወጣዋል። የጠላ አተላ ለከብት፣ የምድጃ አመድ ለጓሮ ጎመን ይውላል። እንጨት በተመናመነበት ደጋ እበቱም ኩበት ሆኖ ይነዳል።

ብረት ብርቅ ስለነበር ጥንቃቄው ይበልጥ ይጠብቅ ነበር። ያለቀ ማረሻ ወደ ቀጥቃጭ ይወሰዳል፤ በወናፍ ግሎ ማጭድ ወይም ቢላዋ ሆኖ ይመለሳል። በወገራና በሰሜን ይህን ሙያና የሸክላ ሥራን በስፋት ይዘው የቆዩት ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። ኅብረተሰቡ ያለ እነሱ ማረሻ ማረስ ባይችልም በቡዳነት ስም ያገላቸው ነበር። አብዛኞቹ ከ1977 እስከ 1983 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ወደ እስራኤል ሲሄዱ አካባቢው ብዙ ባለሙያዎቹን አጣ።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ከጎንደር በደባርቅ በኩል የሊማሊሞን ገደል ጠምዝዞ የሚወርደው የመኪና መንገድ ተሠራ። በመንገዱ ቆርቆሮ፣ በርሜልና ጎማ ገቡ፤ እነሱም በአሮጌው ልማድ ተስተናገዱ። ባዶ ጣሳ ኩራዝ ሆነ፦ ክዳኑ ይበሳል፣ ቀጭን የቆርቆሮ ቱቦ ይሰካበታል፣ የጥጥ ክር በቱቦው ያልፋል፣ ከዚያ ላምባ ይሞላል። ያለቀ ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ሆነ። የመኪና ቸርኬ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የትምህርት ቤት ደወል ሆነ።

ከተሞች ሲያድጉ አሮጌ ዕቃ ራሱን የቻለ ንግድ አበጀ። ቆራሌው ቤት ለቤት እየዞረ ቆርቆሮና ብረታ ብረት ይገዛል፤ ልዋጭ የሚባለው ነጋዴ ያረጀ ልብስና ጫማ ተቀብሎ አዲስ የቤት ዕቃ ይሰጣል። በአዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ያለው ምናለሽ ተራ የዚህ ንግድ ትልቁ ማዕከል ነው። ንግዱ ግን የሚያነሣው የሚያዋጣውን ብቻ ነው። ብረት የማጓጓዣውን ዋጋ ይሸፍናል፤ ጎንደር ለመድረስ ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ቀላል ፕላስቲክ ግን ብዙም አያተርፍም።

አሮጌው ሥርዓት የተሰበረው እዚህ ላይ ነው። የውሃ ጠርሙሱ፣ በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለው፣ ለዘይትና ለአረቄ መያዣነት ያገለግላል። ፌስታል ግን ሁለተኛ ሥራ የለውም፤ አፈር አይሆንም፣ ቀጥቃጭ አያቀልጠውም፣ ከብት ሲውጠው ይጎዳዋል፣ ሲቃጠል ጭሱ ጤና ያውካል። ጽሕፈት ቤቱ ደባርቅ የሆነውና በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ የመጣው ጎብኚም የታሸገ ውሃውን ይዞ ነው የሚወጣው። ስለዚህ በፓርኩ ማደሪያ ሰፈሮች፣ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ፣ የሚያድር ሰው ባዶ ጠርሙሱን ወደ ከተማ መመለስ ግዴታው ሊሆን ይገባል።

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሱ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ማምረትና ማስገባትን ከለከለ፤ እያንዳንዱ አባወራና እማወራ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚወገደው እንዲለይም አዘዘ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጸደቀ። የመለየቱ ግዴታ በደባርቅ ቤቶች ሲተገበር ሥራው ብዙ አይደለም፦ አመድና የምግብ ትራፊ ለጓሮ፣ ብረትና ቆርቆሮ ለቆራሌው፣ ጠርሙስና ጀሪካን ታጥበው ለብቻ በማዳበሪያ፣ ባትሪና የተሰበረ መስታወት ከሁሉም ተለይተው። መለየት ለአካባቢው ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። የጎደለው የተለየውን ፕላስቲክ በየጊዜው የሚያነሣ ነው፤ ይህ ካልተሟላ ቤተሰቡ የለየው ሁሉ ተመልሶ ገደል ይገባል።