ማደሪያ ያጣ ልኬት፦ ዳንግላና የዓባይ ጥናት ታሪክ

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚባለው ስለ ወንዙ ነው። ይሁን እንጂ የዓባይ ጥናት ታሪክ ሲመረመር፣ ለብዙ ዘመን ማደሪያ ያጣው ውሃው ብቻ ሳይሆን የውሃው ልኬትም ጭምር እንደነበረ ይታያል። የዚህም ታሪክ አንዱ ምዕራፍ የተፈጸመው ዛሬ በአዊ ዞን ውስጥ በምትገኘው በዳንግላ ከተማ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳግማዊ ምኒልክ ሜይ 15 ቀን 1902 ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ካልተስማሙ በቀር የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚያግድ ሥራ እንደማይሠሩና እንደማያሠሩ ገለጹ። ከዚያ ወዲህ እንግሊዞች በጣና መውጫ ላይ ግድብ ተሠርቶ ለሱዳንና ለግብፅ እርሻ ውሃ የሚጠራቀምበትን መንገድ ይሹ ነበር። ግድብ ደግሞ ያለ ልኬት አይነደፍም። ስለሆነም ግራብሃምና ብላክ የተባሉ ባለሙያዎች በ1920 እና በ1921 ጣናን አጠኑ፤ ሪፖርታቸውም በ1925 ካይሮ ላይ ታተመ። ሐይቁ በኢትዮጵያ ሳለ፣ የሐይቁ መዝገብ በግብፅ ተቀመጠ ማለት ነው።

በዚያው በ1925 ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተሾመ፤ መቀመጫውም ዳንግላ ነበር። ከተማዋ ለጣናም ለዓባይ ሸለቆም ቅርብ ናት። ቺዝማን እስከ 1934 ድረስ ከቆንስልነቱ ሥራ ጋር የሐይቁን ዳርቻና የወንዙን ሸለቆ እየተዘዋወረ አጠና፤ ካርታም አነሳ። ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ በ1936 ታተመ። ሰውየው ከዚያ በፊት በዓረብ አገር የተጓዘ፣ ስለ አዕዋፍም የሚመራመር ስለነበር፣ የዕውቀት ፍላጎቱ የማስመሰል አልነበረም። ሆኖም የእንግሊዝ መንግሥት ሹም ነበርና ተመራማሪውን ከቆንስሉ መለየት አይቻልም። ይህም በ1940 በግልጽ ታየ። እንግሊዞች ካርቱም ላይ የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚከታተል የስለላ ክፍል ሲያቋቁሙ፣ የክፍሉ ኃላፊ ያደረጉት ቺዝማንን ነው። የጌዴዎን ጦርና አርበኞች በ1941 በእንጅባራ በኩል ወደ ቡሬ ሲገሰግሱ፣ የአገሩን መልክዐ ምድር የሚያውቅ ሰው ለነጻነቱ ትግል ጠቃሚ ሆኖ ተገኘ። መልካም አጋጣሚ ነበር። ነገር ግን ዕውቀቱ ለማንና መቼ እንደሚውል የወሰኑት ካርታው የተነሳበት አገር ሰዎች አልነበሩም።

የኢትዮጵያ መንግሥትም ዝም አላለም። በዲሴምበር 1925 እንግሊዝና ኢጣሊያ ስለ ጣናና ስለ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጥቅሞቻቸው ደብዳቤ ሲለዋወጡ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1926 ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤቱታ አቀረቡ። ቀጥሎም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1927 ወደ አሜሪካ ተልከው፣ ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የኒውዮርክ የምህንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። ኩባንያው በ1930 እና በ1931 የጣናን ግድብ ጥናት አካሄደ። የዚህ እርምጃ ብልኅነት በውሃው ላይ ጥቅም ከሌለው አገር ባለሙያን መርጦ፣ የጥናቱን ጥያቄ ራስ መጠየቅ ነበር። የ1935ቱ የኢጣሊያ ወረራ ግን ዕቅዱን አስቀረው።

ከ1958 እስከ 1964 የአሜሪካ መንግሥት የመሬት ልማት ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የዓባይን ተፋሰስ አጥንቶ 17 ቅጽ ሪፖርት አቀረበ። ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና «ድንበር» የተባሉት የግድብ ቦታዎች የታወቁት በዚህ ጥናት ነው። ይሁንና ቅጾቹ መደርደሪያ ላይ መገኘታቸው ብቻውን ሥራ አልሆነም። በ2009 እና በ2010 ለድንበር ተጠግቶ ያለው ቦታ እንደገና ተቀይሶ፣ በ2011 የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሥራ ተጀመረ፤ ግድቡም በ2025 ተመረቀ። የጣናን ውሃ ወደ በለስ የሚወስደው ባለ 460 ሜጋ ዋት ኃይል ማመንጫም ሥራ የጀመረው በ2010 ነው፤ ይኸውም ግራብሃምና ብላክ ሐይቁን ማጥናት ከጀመሩ ከ90 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ልኬቱ ዛሬም ቀጥሏል፤ መልኩ ግን ተለውጧል። ከ2014 ጀምሮ በዳንግላ ወረዳ በዳንገሽታ ገበሬዎች ዝናብን፣ የወንዝን ከፍታና የጉድጓድ ውሃን እየለኩ መዝግበዋል። ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች ጋር የተደረገው ይህ ሥራ፣ የገበሬው ልኬት ለሳይንስ የሚያበቃ መሆኑን አስመስክሯል። ከቺዝማን ዘመን የሚለየውም ለኪው የአገሩ ሰው መሆኑ ነው። በእንጅባራም ዩኒቨርስቲ ከተከፈተ ወዲህ፣ የዘንገናን ሐይቅና የአዊን ወንዞች የሚያጠና ተቋም በአካባቢው አለ።

ስለዚህ የጥናት ጥበቃ ማለት ለባዕድ ተመራማሪ በር መዝጋት አይደለም፤ ያለ እርሱ ትብብር ብዙ ወንዞች ሳይለኩ በቀሩ ነበር። በጎ ፈቃድ ብቻውን እንደማይበቃ ግን የጤፍ ጉዳይ አስተምሯል። በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር ውል ተደርጎ ሳለ፣ የጤፍ ዱቄት ፓተንት በባዕድ እጅ ገባ፤ የሔግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን ዋጋ ያሳጣው በ2018 ነው።

እንግዲህ ከውጭ ተቋም ጋር ለጥናት የሚፈራረም መሐንዲስ፣ ገና መለኪያው ሳይተከል ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ማስፈር ይገባዋል፦ የጥናቱን ጥያቄ ማን እንዳቀረበ፣ የመጀመሪያው የልኬት መዝገብ የት እንደሚቀመጥ፣ ለሦስተኛ ወገን የሚሰጠውም በማን ፈቃድ እንደሆነ። የጣና መዝገብ በ1925 ካይሮ ላይ ሲታተም፣ እነዚህን ጥያቄዎች የመለሰው የሐይቁ ባለቤት አልነበረም።