ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሚሲሲፒ ዴልታ እና የዘገየው ምርመራ

በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት ማውንድ ባዩ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ1887 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮች የመሠረቷት ናት። በ1967 በዚህች የጥጥ አገር ከመጀመሪያዎቹ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አንዱ ተከፈተ። ከመሥራቾቹ አንዱ ዶ/ር ጃክ ጋይገር ሐሳቡን የቀሰሙት ከአፍሪካ ነበር፤ ተማሪ ሳሉ በደቡብ አፍሪካ ፎሌላ የገጠር ጤና ጣቢያ ሠርተዋል። የማውንድ ባዩ ሐኪሞች በረሃብ ለተጎዱ ሕፃናት በመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ላይ ምግብ ይጽፉ ነበር። ሒሳቡም ከመድኃኒት በጀት ይከፈል ነበር። ጉድጓድ አስቆፈሩ፣ መጸዳጃ ቤት አሠሩ። ሕክምና ማለት በሽተኛው እስኪመጣ መጠበቅ ሳይሆን ወዳለበት መሄድ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

በዚያው በ1967 ኦሃዮ ውስጥ ዶ/ር ዴቪድ ግሪጎር ሌላ ቀላል ሐሳብ አሳተሙ። ምንም ሕመም የማይሰማው ሰው ቤቱ ሆኖ ጥቂት ሰገራ ካርድ ላይ ይቀባል፤ ካርዱ በዓይን የማይታይ ደም ካለ ያሳያል። በዚህ መንገድ የትልቁ አንጀት ካንሰር ገና ሳይከፋ ሊገኝ ይችላል።

ሁለቱ ሐሳቦች የተወለዱት በአንድ ዓመት ነው። እስኪገናኙ ግን ብዙ ሰው አለቀ።

የትልቁ አንጀት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እብጠት ነው። እብጠቱ ወደ ካንሰር ለመለወጥ በአብዛኛው አሥር ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ይህን ያህል ጊዜ የሚሰጥ ካንሰር ጥቂት ነው። በ1969 ዶ/ር ዊልያም ዎልፍ እና ዶ/ር ሂሮሚ ሺንያ ኒው ዮርክ ውስጥ ሆድ ሳይከፈት፣ በኮሎኖስኮፕ ብቻ ፖሊፕን ቆርጦ ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። በ1993 ደግሞ ከ46,000 በላይ ሰዎች የተካፈሉበት የሚኒሶታ ጥናት ውጤት ወጣ፦ በየዓመቱ የሰገራ ምርመራ እንዲያደርጉ በተመደቡት ዘንድ በዚህ ካንሰር የሚደርሰው ሞት በ33 በመቶ ቀነሰ። ያ ርካሽ ካርድ ሕይወት እንደሚያተርፍ ተረጋገጠ።

በ2000 ባሏን በዚሁ ካንሰር ያጣችው ጋዜጠኛ ኬቲ ኩሪክ ኮሎኖስኮፒ ስታደርግ በቴሌቪዥን አሳየች። ያን ጊዜ የተመርማሪው ቁጥር ጨመረ። በ2001 የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን የኮሎኖስኮፒ ቅድመ ምርመራን ወጪ መሸፈን ጀመረ። በአገር ደረጃ ሞት እየቀነሰ ሄደ።

በማውንድ ባዩ ዙሪያ ባለው የሚሲሲፒ ዴልታስ? በ2015 የታተመ ጥናት ያወጣው ቁጥር ያስደነግጣል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በታችኛው ዴልታ በዚህ ካንሰር የመሞት መጠን ከሌላው አሜሪካ በ18 በመቶ ያነሰ ነበር። ከ2009 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት ግን በ40 በመቶ በልጦ ተገኘ። ለለውጡ የአመጋገብና የአኗኗር ድርሻም ሊኖር ይችላል። የማይካደው ግን ሌላው ሲመረመርና ሲታከም ዴልታ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው። አዲስ ሕክምና ሁሉም ዘንድ እኩል ካልደረሰ ልዩነትን ያሰፋል።

የተለመደው ማብራሪያ «ሰዉ ያፍራል፣ ይፈራል» የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። በአሜሪካ ደቡብ ደግሞ ፍርሃቱ ታሪክ አለው፦ አላባማ ውስጥ በተስኪጊ ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር ገበሬዎች እስከ 1972 ድረስ ሆን ተብሎ ሳይታከሙ የጥናት መሣሪያ ተደርገዋል። ይሁንና ጥፋቱን በሕዝቡ ላይ ብቻ መጫን ሐሰት ነው። ኮሎኖስኮፒ አንጀት የሚያጸዳ መድኃኒት መጠጣትን፣ ከሥራ መቅረትን፣ ሩቅ ከተማ መሄድን፣ ከማደንዘዣው በኋላ መኪና የሚነዳ ሰው ማግኘትን ይጠይቃል። የቀን ሠራተኛ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል?

በ2012 የታተመ የሳን ፍራንሲስኮ ጥናት ይህንኑ መሰከረ። ኮሎኖስኮፒ ብቻ ከቀረበላቸው ሕመምተኞች የተመረመሩት 38 በመቶ ነበሩ። የሰገራ ምርመራ ከቀረበላቸው 67 በመቶ፣ ምርጫው ከተሰጣቸው ደግሞ 69 በመቶ ተመረመሩ። ሰዉ እንቢ ያለው ምርመራን ሳይሆን የማይቻለውን መንገድ ነበር።

ታዲያ የምርመራውን ዕቃ በፖስታ ቤት ድረስ መላክ ይበቃል? አይበቃም። በኦሪገንና በካሊፎርኒያ 26 ክሊኒኮች ተሞክሮ የተገኘው ጭማሪ ጥቂት ነበር። የዴላዌር ግዛት ግን ሌላ መንገድ ሄደች። የምርመራውን ወጪ ላልቻለ ከፈለች፤ ካንሰር ከተገኘም ሕክምናውን ሸፈነች፤ ቀጠሮ የሚያስይዙና እስከ መጨረሻው የሚከታተሉ ነርሶች መደበች። ከ2002 እስከ 2009 የተመረመሩ ጥቁር ነዋሪዎች ድርሻ ከ48 ወደ 74 በመቶ ከፍ ብሎ ከነጮቹ ጋር እኩል ሆነ።

ትልቁ ፈተና ያለው ከዚህ በኋላ ነው። የሰገራው ምርመራ ደም ካሳየ ኮሎኖስኮፒ ግድ ይሆናል። ያ ሁለተኛ እርምጃ ካልተከተለ የመጀመሪያው ለሰውየው ጭንቀት ከማትረፍ በቀር ፋይዳ የለውም። ስለዚህ ካርድ ያደለ ክሊኒክ ሥራውን ገና ጀመረ እንጂ አልጨረሰም።

ከ2021 ጀምሮ በአሜሪካ ምርመራው የተለየ ተጋላጭነት ለሌለው ሰው ከ45 ዓመት እንዲጀመር ይመከራል፤ እዚያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አባቶችና እናቶችም እንዲሁ። በእንግሊዝኛ ተጽፎ የመጣው ፖስታ ከማስታወቂያ ጋር ቢጣል ጥፋቱ የአረጋዊው ብቻ አይደለም።

በማውንድ ባዩ ምግብን በማዘዣ ወረቀት የጻፉት ሐኪሞች የጎደለው ምን እንደሆነ ከሕዝቡ ኑሮ አንብበው ነበር። ዛሬም ማዘዣው ላይ መጻፍ ያለበት ካርዱ ብቻ ሳይሆን የመኪናው ኪራይ፣ የቀረው የቀን ደመወዝና ስልክ ደውላ «ውጤትዎ ደርሷል፣ ቀጠሮዎን ይዤልዎታለሁ» የምትል ነርስ ጭምር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ቀላል ነው፤ ቅጠሉን ግን እሳቱ ዘንድ የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል።