ጭቃ፣ ኖራና እሳት በላስታ

ከኩልመስክ እስከ ላሊበላ የሚዘረጋው ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ነው። ጥቁር ድንጋይ ሞልቶታል፤ የኖራ ድንጋይ ግን ብርቅ ነው። የላስታ የግንባታ ታሪክ በአብዛኛው የጭቃ ታሪክ የሆነውም ለዚህ ነው። ሣር የለበሰው ባለ ፎቅ ክብ ቤት ድንጋዩ የሚያያዘው በጭቃ ነው። ጭድ ገብቶበት የቦካ ጭቃ በፀሐይ ሲደርቅ ይጠነክራል እንጂ በባሕርዩ አይለወጥም፤ በቅንጣቶቹ መካከል የነበረው ውሃ ብቻ ይተናል። ስለዚህ ክረምቱ የደበደበው ግድግዳ ይላላል፤ እንደገና ይለሰናል።

ያው አፈር እሳት ሲያገኘው ግን ወደ ኋላ መመለስ የለም። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ከተፈጨ ገል ጋር ታቦካለች፣ ቅርጽ ታወጣለች፣ ካደረቀች በኋላ በኩበትና በእንጨት ትተኩሳለች። ሙቀቱ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ሲያልፍ በማዕድኑ ውስጥ ታስሮ የኖረው ውሃ ይወጣል፤ የማዕድኑ አወቃቀርም ይፈርሳል። ብረት ያለው አፈር አየር ካገኘ ይቀላል፣ በጭስ ከታፈነ ይጠቁራል። እንዲህ የተተኮሰ እንስራ ቢሰበር ገል ይሆናል እንጂ ጭቃ አይሆንም። ምጣድማ ሌላም እሳት ይጠብቀዋል፤ ማሟሸት። የተወቀጠ ጎመን ዘር በጋለው ምጣድ ላይ ሲታሽ ዘይቱ ይጠቁርና ይጠጥራል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ እንጀራውም አይጣበቅም።

ጄሶ ቀላል እሳት ይበቃዋል። በ150 ዲግሪ ገደማ ከያዘው ውሃ ሦስት አራተኛውን ይለቃል፤ ዱቄቱ ሲበጠበጥ ያንኑ ውሃ መልሶ ወስዶ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠጥራል።

ኖራ ግን እንጨት ይጨርሳል። የኖራ ድንጋይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እንዲለቅ 900 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ ንጹሕ ከሆነም ከክብደቱ 44 በመቶ ያጣል። የተቃጠለው ድንጋይ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ከተለሰነ በኋላም የለቀቀውን ጋዝ ከአየር እየሳበ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል።

በአክሱም በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተተኮሰ ጡብ ለመቃብር ቅስት ውሏል። በላስታ ዋሻ ውስጥ የታነጸው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው የእንጨትና የነጭ ልስን ረድፍ ነው። የላሊበላ ውቅሮች ግን ከአለት ስለተፈለፈሉ ማያያዣም አላስፈለጋቸው፤ ኖራ ለሌለው አገር ከዚህ የተሻለ መላ አይገኝም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ነገሥታት ግንቦቻቸውን በኖራ አሠሩ። ሲሚንቶ በአገር ውስጥ መመረት የጀመረው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በድሬዳዋ በተተከለው ፋብሪካ ነው። የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር አብረው እስከ 1,450 ዲግሪ ሲጋሉ የሚወጣው ድብልቅ በውሃ ውስጥ እንኳ ይጠነክራል።

ይሁንና ሲሚንቶ ለአሮጌው የላስታ ቤት አይስማማም። በጭቃ የተያያዘ ግድግዳ በሲሚንቶ ከተለሰነ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፣ ልስኑም ተሰንጥቆ ይረግፋል። ለእንዲህ ያለው ግድግዳ የሚሻለው ጭቃ ወይም ኖራ ነው።