የንግድ መርከቦች ያለ ጦር መሣሪያ ከባሕር ላይ ወንበዴዎች ራሳቸውን የሚከላከሉባቸው ዘዴዎች

በከፋ ዞን ዴቻ ወረዳ ከማንኪራ ደን የሚለቀም ቡና ወደ ውጭ ገበያ ለመድረስ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ከቦንጋ ከተማ እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት ብቻ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቡናው ከዚያ ወደ ጂቡቲ ወደብ ተጓጉዞ መርከብ ላይ ይጫናል። ወደ አውሮፓ የሚላከው በባብኤል መንደብ ወሽመጥ አልፎ ወደ ቀይ ባሕር ሲያመራ፣ ወደ ጃፓንና ወደ ደቡብ ኮሪያ የሚላከው ደግሞ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይወጣል። ኢትዮጵያ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትገዛው ነዳጅና ከእስያ የምታስገባው ሸቀጥም በዚሁ መስመር ወደ ጂቡቲ ይደርሳል።

በመሆኑም በዚህ መስመር የሚፈጸም የባሕር ላይ ውንብድና ወደብ ለሌላት ኢትዮጵያ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከሁሉ በላይ አደጋ የሚያንዣብበው ግን መሣሪያ ሳይታጠቁ መርከቦቹን በሚያንቀሳቅሱት ሠራተኞች ሕይወት ላይ ነው።

የሥጋቱ ስፋት

በሶማሊያ ጠረፍ አካባቢ ይፈጸም የነበረው ውንብድና እ.ኤ.አ ከ2008 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት እጅግ ተባብሶ ነበር። የዓለም አቀፉ የባሕር ጉዳዮች ቢሮ እንደመዘገበው፣ እ.ኤ.አ በ2011 በሶማሊያ ወንበዴዎች 237 ጥቃቶች ተሰንዝረው 28 መርከቦች ተጠልፈዋል። ቁጥሩ በ2012 ወደ 75፣ በ2013 ደግሞ ወደ 15 ዝቅ ብሏል።

ለለውጡ ምክንያት የሆኑት በርካታ እርምጃዎች ናቸው። እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2008 የተጀመረው የአውሮፓ ኅብረት የአታላንታ ዘመቻና የሌሎች አገሮች የባሕር ኃይሎች ቅኝት፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ የተከለለው የጋራ መተላለፊያ መስመር፣ የታጠቁ ጠባቂዎች መሰማራትና መርከቦቹ ራሳቸው ያደረጉት ዝግጅት በተደጋጋሚ ይጠቀሳሉ። የመርከብ ኩባንያዎች ማኅበራት ከባሕር ኃይሎች ጋር በመተባበር የተሻሉ አሠራሮችን የያዘ መመሪያ ከ2009 ጀምሮ በተከታታይ አውጥተዋል። አራተኛው እትም በ2011፣ አምስተኛው በ2018 የወጣ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በ2025 የተሻሻለ መመሪያ ታትሟል።

ዓላማው ጊዜ ማትረፍ ነው

የሶማሊያ ወንበዴዎች ብዙውን ጊዜ የሚያጠቁት በትናንሽ ፈጣን ጀልባዎች ነው። ወደ መርከቧ ተጠግተው በጎኗ ላይ መሰላል በመስቀል ለመውጣት ይሞክራሉ፤ መርከቧን ለማስቆምም ወደ መሪው ክፍል ይተኩሳሉ። በሚወጡበት ጊዜ ግን ጀልባቸው ከመርከቧ ጎን ሳይለይ ለደቂቃዎች መቆየት ይኖርበታል። ጦር መሣሪያ የማያስፈልጋቸው የመከላከያ ዘዴዎች በሙሉ የተመሠረቱት በእነዚህ ደቂቃዎች ላይ ነው። ዓላማቸው ወንበዴውን መግደል ወይም ማሸነፍ ሳይሆን፣ መውጣቱን አስቸጋሪ አድርጎ ተስፋ ማስቆረጥ፣ ይህ ካልሆነም የጦር መርከብ እስኪደርስ ጊዜ ማትረፍ ነው።

ንቃትና ፍጥነት

የመጀመሪያው መከላከያ ዐይን ነው። አደጋ ወደሚያሠጋበት ቀጠና የምትገባ መርከብ ጉዞዋን አስቀድማ ለባሕር ኃይል ማስተባበሪያ ማዕከላት ታስመዘግባለች፤ የጠባቂዎቿን ቁጥር ትጨምራለች፤ ራዳሯንም ያለማቋረጥ ትከታተላለች። ጥቃት በብዛት የሚሰነዘረው ጎሕ ሲቀድና ጀንበር ስትጠልቅ በመሆኑ በእነዚህ ሰዓታት ጥበቃው ይጠናከራል። ሰው የሚመስል አሻንጉሊት በመርከቧ ጠርዝ ላይ ማቆም እንኳ ጠባቂው ብዙ ነው የሚል ግምት ስለሚፈጥር በመመሪያው ከተጠቀሱት ርካሽ ዘዴዎች አንዱ ነው።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። በ2011 የወጣው መመሪያ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በሰዓት ከ18 የባሕር ማይል በላይ በምትጓዝ መርከብ ላይ ወንበዴዎች እንደወጡ የሚያሳይ መረጃ አለመኖሩን ገልጿል። ጥቃት ሲጀመር ካፒቴኑ የመርከቧን ፍጥነት እስከ መጨረሻው ከፍ በማድረግ መሪውን በመጠኑ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዛል። በዚህም የሚነሣው ማዕበል ጀልባውን ከመርከቧ ጎን ያርቀዋል። መሪውን ከመጠን በላይ ማጠፍ ግን ፍጥነት ስለሚቀንስ አይመከርም። ከባድ ጭነት የያዙ፣ ዘገምተኛና ጎናቸው ከውኃው ብዙ ከፍ ያላሉ መርከቦች ይበልጥ ተጋላጭ የሚሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሽቦ፣ ውኃና ድምፅ

በመርከቧ ዙሪያ የሚዘረጋው ስለታም ጥቅልል ሽቦ ከአካላዊ መሰናክሎች ሁሉ በስፋት የሚሠራበት ነው። ሽቦው ከጠርዙ ወደ ውጭ እንዲያልፍና ከመርከቧ ብረት ጋር በጥብቅ እንዲታሰር ይደረጋል፤ ካልሆነ ወንበዴዎቹ በሜንጦ ጎትተው ሊያነሡት ይችላሉ። የእሳት አደጋ መከላከያ ቱቦዎችም ወደ ውጭ ተጠምደው ውኃ በከፍተኛ ግፊት እንዲረጩ ይደረጋል። ውኃው የሚወጣውን ሰው ከማስቸገሩም በላይ ጀልባውን ሊሞላው ይችላል። ቱቦዎቹ አስቀድመው በቋሚነት ስለሚታሰሩ ሠራተኞች ለተኩስ ተጋልጠው መቆም አያስፈልጋቸውም።

ከፍተኛ ድምፅ በአንድ አቅጣጫ የሚያስተጋባው መሣሪያ ዝናው የገነነው ሲቦርን ስፒሪት የተባለችው የመንገደኞች መርከብ እ.ኤ.አ በኅዳር 2005 በሶማሊያ ጠረፍ አቅራቢያ ከተሰነዘረባት ጥቃት ካመለጠች በኋላ ነው። ሆኖም መርከቧ በዚያው ቅጽበት ፍጥነቷን ጨምራ አቅጣጫ ትቀያይር ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ቢስካሊያ በተባለችው የኬሚካል ጫኝ መርከብ ላይ የነበሩ ያልታጠቁ ጠባቂዎች ይህንኑ መሣሪያና የውኃ ቱቦዎችን ተጠቅመው ወንበዴዎቹን ሊመልሱ አልቻሉም። በመጨረሻም ወደ ባሕር ዘለው በሄሊኮፕተር የተረፉ ሲሆን፣ መርከቧ ተጠልፋለች። ይህም አንድን መሣሪያ ብቻ መተማመኛ ማድረግ እንደማያዋጣ ያመለክታል።

የመጨረሻው መጠለያ

ወንበዴዎች መርከቧ ላይ ከወጡ ሠራተኞቹ የሚሸሸጉበት፣ ከውስጥ የሚቆለፍና ጠንካራ በር ያለው ክፍል «ሲታዴል» ይባላል። ክፍሉ ምግብ፣ ውኃና ከመርከቧ ዋና ኃይል ነጻ የሆነ የመገናኛ መሣሪያ ሊኖረው ይገባል። ሠራተኞቹ ከመሸሸጋቸው በፊት ሞተሩን ካቆሙ ወንበዴዎቹ መርከቧን መንዳት አይችሉም።

ዋነኛው ሕግ ግን አንድም ሰው ውጭ እንዳይቀር ነው። በወንበዴዎች እጅ የወደቀ አንድ መርከበኛ ካለ ወታደሮች መርከቧን በኃይል ለማስለቀቅ ይቸገራሉ። እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2009 ከጂቡቲ ወደ ሞምባሳ ስትጓዝ በተጠቃችው ሜርስክ አላባማ ላይ አብዛኞቹ ሠራተኞች በመርከቧ የታችኛው ክፍል ተሸሽገው ከመታገት ቢተርፉም፣ ውጭ የቀረው ካፒቴን ታግቶ በነፍስ አድን ጀልባ ተወስዷል። የእገታው ፍጻሜም ሦስት ወንበዴዎች የተገደሉበት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተኩስ ሆኗል።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ በመስከረም 2010 የማጄላን ስታር 11 ሠራተኞች በሙሉ ተሸሽገው ስለነበር የአሜሪካ ወታደሮች በማግስቱ መርከቧን ያለ ጉዳት አስለቅቀዋል። በጥር 2024 ሊላ ኖርፎክ የተባለችው መርከብ 21 ሠራተኞችም በተመሳሳይ መንገድ ተጠልለው በሕንድ ባሕር ኃይል ድነዋል። ዘዴው ግን ገደብ አለው። እ.ኤ.አ በጥር 2011 በቤሉጋ ኖሚኔሽን ላይ ወንበዴዎቹ የጦር መርከብ ከመድረሱ በፊት ብረቱን ቆርጠው ሠራተኞቹ ወዳሉበት ገብተዋል። መጠለያው የሚያተርፈው ጊዜ ዋጋ የሚኖረው ደራሽ ሲኖር ብቻ ነው።

የታጠቁ ጠባቂዎች ጉዳይ

ከ2011 ወዲህ በርካታ ኩባንያዎች የታጠቁ ጠባቂዎችን መርከብ ላይ ማሳፈር ጀምረዋል። በዚያን ወቅት እንዲህ ያለ ጥበቃ የነበራት መርከብ በሶማሊያ ወንበዴዎች እንዳልተጠለፈች የዘርፉ ድርጅቶች ይገልጻሉ። ይሁን እንጂ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ስሕተት አይታረምም። እ.ኤ.አ በየካቲት 2012 በኤንሪካ ሌክሲ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ የነበሩ የጣሊያን ባሕር ኃይል ወታደሮች በሕንድ ኬረላ ግዛት ጠረፍ አቅራቢያ ሁለት ሕንዳውያን ዓሣ አጥማጆችን ወንበዴዎች መስለዋቸው ገድለዋል። ዓሣ አጥማጅም እንደ ወንበዴው በትናንሽ ጀልባ የሚጓዝ በመሆኑ፣ ሽቦና ውኃ በስሕተት ሕይወት የማያጠፉ መከላከያዎች መሆናቸው ትልቅ ጥቅማቸው ነው።

ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

በ1956 ዓ.ም የተቋቋመው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት፣ በ2004 ዓ.ም ከየብስ ወደብና ከባሕር ትራንዚት አገልግሎት ድርጅቶች ጋር ከተዋሐደ በኋላም የአገሪቱን ሰንደቅ ዓላማ በባሕር ላይ ሲያውለበልብ ቆይቷል። በባሕር ዳርና በቢሾፍቱ ባቦጋያ የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን የመርከብ ባለሙያዎችም በውጭ አገር መርከቦች ላይ ይሠራሉ።

የሕንድ ውቅያኖስ ከፍተኛ የሥጋት ቀጠና የሚለው ስያሜ እ.ኤ.አ ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ቢነሣም፣ ጠለፋው በዚያው ዓመት መጨረሻ አገርሽቷል። በቀይ ባሕር በሚሳይልና በድሮን የሚሰነዘረው ጥቃት ግን በሽቦና በውኃ የሚመለስ ባለመሆኑ የተለየ ዝግጅት ይጠይቃል።

ከማንኪራ ቡና ለሚለቅመው አርሶ አደርም ሆነ ቤተሰቡን ትቶ በመርከብ ለሚሠራው ወጣት፣ የመስመሩ ሰላም የጋራ ጥቅም ነው። ያለፉት ዓመታት ተሞክሮ የሚያስገነዝበው መርከበኛውን የሚያድነው አንድ ተአምረኛ መሣሪያ ሳይሆን፣ ቀድሞ ማየት፣ ፈጥኖ መራቅ፣ መሰናክልን መደራረብና በመጨረሻም አንድም ሰው ወደ ኋላ ሳይተዉ በአንድነት መጠለል መሆኑን ነው።